ሲነድ የሚመሠረት፣ ሲበርድ የሚፈርስ ማኅበር

የቦረናዋ ከተማ ያቤሎ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ማኅበሩ መታወቂያ የለው፣ ደንብ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ግን አንድ ሱቅ ጣሪያ ላይ ጭስ ሲታይ ከተማው በሙሉ አባል ነው። ከወዲያ «ኢያ!»፣ ከወዲህ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ሲባል ሻይ ቤት የተቀመጠው ሂሳቡን ሳይከፍል ይነሣል (አንዳንዱ ለዚያም ሲል ይነሣል)። ባለ ባጃጁ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርዶ ይከንፋል። ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም በአንድ በር ይገባሉ፤ በሌላ ጊዜ ይህን ለማየት ስንት የሰላም ኮንፈረንስ ያስፈልግ ነበር። ጉባኤው በኡኡታ ተከፍቶ በአመድ ይዘጋል። በማግስቱ ማን አባል እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ይህ የያቤሎ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሜጋም፣ ሞያሌም፣ ነገሌ ቦረናም ያው ነው። ትንሽ ከተማ እሳት ሲነሣባት የምትጠራው ራሷን ነው። እርግጥ 939 የሚባለውን የእሳት አደጋ ቁጥር በቴሌቪዥን የሰማ ሁሉ ስለሚያውቀው በግርግሩ መሐል የሚደውል አይጠፋም። ቁጥሩ ግን የአዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መኪናው በዚያችው ደቂቃ ተነሥቶ፣ ሐዋሳ ላይ ዓሣ ሳይበላ፣ ዲላ ላይ ቡና ሳይጠጣ ቢበር እንኳ የሚደርሰው ለአመዱ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩን በሥራ ላይ እንየው።

እሳቱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጄኔራሉ ነው። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ኮቱን በትከሻው ጣል ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ ሰው ነው። አንድ ጆግ ውኃ አያነሣም፤ ከዘራውን ግን አያወርድም። «በዚያ በኩል ዙሩ! አፈር! አፈር አምጡ! አንተ፣ ማነህ ባለ ቀይ ሹራብ!» ይላል። ባለ ቀይ ሹራቡ ዘወር ብሎ አይቶት ሥራውን ይቀጥላል። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ሁለተኛ ጄኔራል ብቅ ይላል፤ የእሱ ትእዛዝ ደግሞ «አፈሩን ተዉት፣ ውኃ!» ነው። ከዚያ በኋላ ውጊያው በሁለቱ መካከል ይሆንና እሳቱ ፋታ ያገኛል።

ቀጥሎ የሚደርሰው ዘጋቢው ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ «እንደምትመለከቱት ወገኖቼ…» ብሎ ቀጥታ ሥርጭቱን ይጀምራል። ወገኖቹ ያሉት ሚኔሶታና ጆሃንስበርግ ነው። ከሚኔሶታ አንዱ «ውኃ አድርጉበት እንጂ!» ብሎ ይጽፋል፤ ከጆሃንስበርግ ሌላዋ የሚያለቅስ ፊት ትልካለች። ዘጋቢው ነበልባሉ በደንብ እንዲታይ ጀሪካን የተሸከሙትን «እስቲ ትንሽ ዞር በሉ» ይላቸዋል። ባልዲ የሚያነሣው ባትሪው ካለቀ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዕቃ አውጪው ነው። ደፋር ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጭሱን ጥሶ ይገባና ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይወጣል። ሕዝቡ «ጎበዝ!» ይለዋል። ጎበዙ ግን መቆሚያ የለውም፤ ቴሌቪዥኑን ከእሳቱ ለማራቅ ሲል እስከ ራሱ ቤት ድረስ ያርቀዋል። ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ልኮ ያስመልሳል። ሪሞቱ ግን ተቃጥሏል ይባላል።

እውነተኞቹ አጥፊዎች ድምፅ የላቸውም። እነሱን ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ ከሚነደው ሱቅ አጠገብ ያለው ጣሪያ ላይ ናቸው። ጋቢና ነጠላ ውኃ ነክረው እጃቸው ላይ ጠቅልለዋል፤ ምክንያቱም የሞቀ ቆርቆሮ በባዶ እጅ አይያዝም። አንዱ ዲጂኖውን ከቆርቆሮው ሥር ሰክቶ ሚስማሩን ይፈነቅላል፤ ሌላው ጫፉን ይዞ ይስብና ወደ ውጭ ይወረውራል። ቆርቆሮው ከተነሣ ማገሩ ይቀጥላል፤ ማገሩ ከወረደ እሳቱ የሚሻገርበት ድልድይ ያጣል። ቧንቧ በሌለበት፣ ቤት ከቤት ግድግዳ በሚጋራበት ከተማ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ልጆቹ ይህን ያወቁት ኮርስ ወስደው ሳይሆን አምና ሲነድ ስላዩ ነው። ባለቤቱ ግን ከታች ሆኖ «ኧረ ቤቴን አታፍርሱት! ገና መቼ ደረሰና!» እያለ ይሟገታቸዋል። ቤቱ በእሳት ቢጠፋ የእግዜር ሥራ ነው፤ በጎረቤት ልጅ ቢፈርስ ግን ክስ ነው።

ትልቁ ከተማም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መከላከያ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተወለደ፣ መኪናም ባለሙያም ያለው አንጋፋ ተቋም ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ግን መኪናው ደርሶ መግቢያ አጣ። መንገዱ ጠባብ፣ ያውም በሰው የተሞላ ነበር። ጄኔራሎቹና ዘጋቢዎቹ ቀድመውት ደርሰው ነበር ማለት ነው።

የውኃውን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባል። ቦረና ውስጥ ውኃ በጀሪካን የሚቆጠር ሀብት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው ውኃ ሲደፋ ዝም ብሎ አያይም። ስለዚህ አንዲት እናት ከጓዳዋ ያለችውን አንድ ቢጫ ጀሪካን አውጥታ ለሰው እሳት ስትሰጥ ፊቷን ማየት ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል የአህያ ጋሪው ልጅ በሰላም ውኃውን ሊሸጥ ሲያልፍ ይደርሳል። ማንም ዋጋ አይጠይቀውም። ጋሪው ተወርሶ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ጀሪካኑ ተበታትኖ፣ አህያዋ ብቻ ትመለስለታለች። በማግስቱ ሂሳቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ባለ ሱቁ «እኔ ተቃጥሎብኝ ምን ልክፈልህ፣ ከተማው ይክፈልህ» ይለዋል። ከተማው ደግሞ «ደረሰኝ አለህ? ግዢው በፕሮፎርማ ነበር?» ይለዋል።

የጥንቱ ሮማዊ ባለጠጋ ክራሰስ ይህን ቢሰማ ይስቅበት ነበር። ፕሉታርክ እንደጻፈው ክራሰስ የሚነድ ቤት ሲያገኝ ቤቱንና የጎረቤቶቹን ቤት ከደነገጡት ባለቤቶች በርካሽ እየገዛ የሮማን አብዛኛውን ክፍል የራሱ አድርጓል። የእኛው ልጅ ግን ስለ ዋጋ ያነሣው ውኃውን ከደፋ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ክራሰስ በታሪክ የተጻፈው፣ እሱ ዛሬም ጋሪ የሚነዳው።

እሳቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር መልሱ ሁልጊዜ «ኮንታክት ነው» ነው። ኮንታክት የማይከሰስ፣ የማይታሰር፣ ዘመድ የሌለው ጥፋተኛ ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል። እርግጥ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ከአንድ ቆጣሪ ስድስት ሱቅ ሲጎትት ሽቦውም ሰው አይደለም እንጂ ያማርር ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ሻማ ያቃጥለናል፤ የመጣ ቀን ደግሞ ሰክተን የረሳነው ምድጃ። ቤንዚኑስ? ከማደያ ሲጠፋ መንገድ ዳር ይገኛል። በሃይላንድ ተሞልቶ ከብስኩት፣ ከሻማና ከክብሪት ጎን ይደረደራል። ሻጩ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል፤ ገዢው እዚያው ቆሞ ይለኩሳል። በአንድ መደርደሪያ ላይ የታሸገ ውኃም ቤንዚንም በተመሳሳይ ጠርሙስ ሲቀመጥ በግርግር ሰዓት እጅ የትኛውን እንደሚያነሣ እግዜር ይወቀው።

በማግስቱ ስብሰባ ይጠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። ጊዜያዊ ኮሚቴ ይመረጣል፦ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ። የመጀመሪያው ጄኔራል ሰብሳቢ፣ ሁለተኛው ምክትል ይሆናሉ። ዘጋቢው በሕዝብ ግንኙነት ይገባል። ጣሪያ ላይ የነበሩት ልጆች አይመረጡም፤ እጃቸው በፋሻ ስለታሰረ ስብሰባው ላይ ቢገኙም እጅ ማውጣት አይችሉም። የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ ማኅተም ማሠራት ነው። ሁለተኛው ለዞን ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ግልባጩ ለአሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ እሳት ራሱ በአንድ ቀን ያን ያህል ቢሮ አይደርስም። ሦስተኛው የአቅም ግንባታ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ ቢሾፍቱ ላይ ይሆናል፤ ስለ እሳት ለመነጋገር ሐይቅ አጠገብ መሆን ያስተማምናል። ሠልጣኞቹ ቲሸርትና ኮፍያ ይዘው፣ አበላቸውን ፈርመው ይመለሳሉ። ከዚያ ዝናቡ ይጥላል፣ የተቃጠለው ቦታ ላይ አዲስ ሱቅ በአዲስ ቆርቆሮ ይቆማል፤ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ እየተጋራ። ኮሚቴው አይፈርስም። ማንም አያስታውሰውም እንጂ።

አሁን ወደሚገርመው ነገር እንምጣ። በዓለም ላይ እሳት ለማጥፋት ከሁሉም በላይ የተለማመደ ሕዝብ ይጠራ ቢባል እጁን ማውጣት የሚገባው የቦረና ሕዝብ ነው።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ላይ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ዘጠኙ ቱላዎች ስማቸው የገነነ ነው፤ በእጅ የተቆፈሩ፣ ስንት ትውልድ የጠጣባቸው ናቸው። በድርቅ ወራት ጎልማሶች ከውኃው አፍ ጀምሮ አንዱ ከአንዱ በላይ በእርከን ይቆማሉ። ከሥር ያለው ኦኮሌውን ሞልቶ ይወረውራል፤ ከላይ ያለው ይቀበልና ለበላዩ ያቀብላል፤ ሙሉው ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች። ዜማ አለው፤ ዜማው ለማጌጫ አይደለም፣ ምት መጠበቂያ ነው፤ ምቱ ከተሳተ ኦኮሌው እግር ላይ ይወድቃል። ኦኮሌ ድሮ ከቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክም ገብቷል። ከላይ ገንዳው ሲሞላ ከብቱ በተራ ይጠጣል። ተራውን የሚያስተናብረው አባ ሄሬጋ ይባላል፤ የማን መንጋ ከማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወሰነው በእሱ ነው፤ ጉዳዩ በጩኸት አይፈታም። ሰብሳቢ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ምት አለ፣ ተራ አለ። ማኅተም ብቻ የለም።

የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ሞተርና ጎማ ቧንቧ ሳይመጣላቸው እሳት ያጠፉ የነበረው ልክ በዚህ መንገድ ነው። ከምንጩ እስከ ነበልባሉ ሰው በሁለት ረድፍ ይቆማል፤ አንዱ ረድፍ ሙሉ ባልዲ ያቀብላል፣ ሌላው ባዶውን ይመልሳል። እነሱ ዘንድ ይህ ዛሬ በሙዚየም ሥዕል የሚታይ ነው። እኛ ዘንድ በየበጋው የሚሠራ ሥራ ነው። ታዲያ ዱብሉቅ ላይ ጠብታ ሳያፈስ ኦኮሌ የሚያቀባብል ጎልማሳ ለገበያ ያቤሎ መጥቶ እሳት ሲነሣ ምን ያደርጋል? እንደ ሌላው ሁሉ የራሱን ጀሪካን ይዞ ብቻውን ይሮጣል። አምሳ ሰው አምሳ ጀሪካን ይዞ በአንዲት በር ይገጫጫል፤ ግማሹ ውኃ ጫማ ላይ ይፈስሳል። ሰልፉን ከተማ በር ላይ ጥሎት ይገባል፤ ገጠሬ ላለመባል ይሆን?

ወይም ስለ እሳት የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ለመርሳት ስለተገደደ ይሆናል። ይህ ታሪክ አለው፤ ያስቃልም፣ ያናድዳልም።

የቦረና አርብቶ አደር እሳትን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ማቃጠልም ያውቅ ነበር። በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሽማግሌዎች መክረው የግጦሹን አንድ ክፍል ይለኩሱ ነበር። አሮጌው ሣር ሲነድ መዥገሩ አብሮ ያልቃል፣ የእሾህ ችግኙ ይለበለባል፣ ዝናብ ሲጥል ለምለም ሣር ይበቅላል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ እሳቱ የት ላይ እንደሚቆም፣ በዚያ በኩል የማን ከብት እንዳለ አውቆ የሚያቃጥል ሰው ነው እንግዲህ ማጥፋትንም የሚያውቀው። ደርግ በመጣ ሰሞን ይህ ቃጠሎ ተከለከለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ደን መጠበቅ ነው። ደን ከግጦሽ፣ የጥድ ጫካ ከሣር ሜዳ ሳይለይ «እሳት የሚባል እንዳላይ» ተባለ።

እሾሁ ክልከላውን ወደደው። ሜዳውን ግራርና ቁጥቋጦ ወረሰው። ሌይን ኮፖክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ቦረና አምባ ባሳተመው መጽሐፍ ከግጦሹ 40 በመቶ ያህሉ በቁጥቋጦ መወረሩን ጽፏል። ላም እሾህ አትበላም፤ ግመልና ፍየል ግን ይበላሉ፤ ስለዚህ በከብቱ የሚኮራው ቦረና ግመል ማርባቱን አበዛ። ያቤሎ አካባቢ ብቻ ለምትኖረው፣ በዓለም ሌላ አገር ለሌላት የቁጥቋጦ ቁራ የወፍ ተመልካች ቱሪስት ከሩቅ አገር ይመጣል፤ እሷም የምትወደው የተጋጠ ክፍት ሜዳ ነው። እሷን ግን ስለ ክልከላው የጠየቃት የለም።

ከዚያ የተከለከለው እሳት ፈቃድ ሳይጠይቅ መጣ። በ1992 ዓ.ም. በጋ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ የባሌና የያኔው ቦረና ዞን ደኖች ነደዱ (ዛሬ በጉጂ የሚጠራው ሻኪሶም ያኔ እዚያው ዞን ውስጥ ነበር)። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ተቃጠለ። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ሳይቀር ዘመተ፤ ግዙፍ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ብርጌድ ያን ጊዜ ተሰልፎ ነበር። መሣሪያው ቅጠልና አፈር ነበር። ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያ መጣ፣ አውሮፕላንም መጣ። በመጨረሻ ዝናብ ጣለና ጉዳዩን ጨረሰው። ብርጌዱ ቅጠሉን ጥሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ እንደገና ቅጠልና አፈር፤ እንደገና የውጭ እጅ፦ ባለሙያው ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ። ሄሊኮፕተሩ ወደ ሰሜን ሲበር በእኛ አናት ላይ ሳያልፍ አልቀረም።

የቦረናው ክልከላስ? እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ፓሪማ የሚባል የምርምር ፕሮጀክት ከመንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «ግጦሹ ቢቃጠል ይሻላል» ወደሚለው ተመለሰ። ሥልጠና ተሰጠ፣ የሙከራ ቃጠሎም ተደረገ። በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል፦ አንድ ሠልጣኝ አዛውንት ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ አሠልጣኙ ትልቅ ወረቀት ላይ ቀስት እየሣለ «ይህ ነፋስ ነው» ሲላቸው። አባቶቻቸው ሲያቃጥሉ ያዩት፣ እሳቸው ቢያቃጥሉ ይታሰሩ የነበሩት ሰው «እሺ ልጄ» ብለው ያዳምጣሉ። ፈቃዱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተከተለ፤ በእሾሁ መሐል የቀረውን ትንሽ ሣር ከብቱ ስለሚጨርሰው እሳቱ የሚጋልብበት አጣ። መሬቱን አጥሮ፣ ሣሩን አሳድጎ፣ ከዚያ ማቃጠል የግድ ሆነ። አንድ እውቀት ሠላሳ ዓመት ታግዶ ሲፈታ እንዲህ ነው፤ የሚሠራበት ቦታ ተይዞ ይቆየዋል።

ወደ ከተማው እንመለስ። ለመሆኑ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ የሚባለው በሌላው ዓለም እንዴት ቆመ? ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1736 ፊላደልፊያ ላይ ከወዳጆቹ ጋር ማኅበር መሠረተ። አባላቱ 30 ያህል ነበሩ። እያንዳንዱ የቆዳ ባልዲዎችና ጠንካራ ከረጢት ቤቱ ያስቀምጣል፤ ባልዲው ለውኃ፣ ከረጢቱ ከሚነደው ቤት ዕቃ ለማውጣት (እዚያም ዕቃውን እስከ ራሱ ቤት የሚያርቅ ጎበዝ ሳይኖር አልቀረም)። በወር አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ቺሊ ውስጥ ደግሞ ከ1851 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ እሳት አጥፊው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ እንዲያውም ወርኃዊ መዋጮ ከኪሱ ይከፍላል።

ወርኃዊ መዋጮ፣ ወርኃዊ ስብሰባ፣ ለቀረ ቅጣት፤ ይህ ነገር ለእርስዎ አዲስ ነው? ዕድርዎ እኮ ነው! ዕድር ያልገባበት የኢትዮጵያ ከተማ የለም፤ ያቤሎም አለ። አባላቱ በስም ይታወቃሉ። ጥሩንባ ነፊ አለው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል፤ ለዚህ ሳይረን የሚገዙ አገሮች አሉ። ዕቃ ቤት አለው፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥም አለው። ውስጡ ግን ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጭልፋና ሦስት መቶ ሳህን ነው። ቤቱ የተቃጠለበት አባል ይህን ያህል ብር ይሰጠው የሚል አንቀጽ ያለው ዕድር ብዙ ነው፤ ቤቱ እንዳይቃጠል የሚል አንቀጽ ያለው ዕድር ግን አላጋጠመኝም። የቦረናው ቡሳ ጎኖፋም ያው ነው። ከብቱ ያለቀበትን በከብት የሚያቋቁም ድንቅ የመረዳዳት ሥርዓት ነው፤ አሁን ክልሉም ተቋም አድርጎታል። እሱም የሚደርሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሁላችንም ለለቅሶው ፈጣን ነን። ለለቅሶው የሚያበቃው ነገር ሲመጣ ግን በየግላችን እንሮጣለን።

አንዳንዱ «የለም፣ እኛ እንኳ እሳት ማጥፊያ አለን» ይላል። አለ፤ ቀይ ሲሊንደር መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፣ ወይም ማኅደር ቤት ውስጥ ከሣጥኑ ጀርባ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ያለው መስክ የወጣው ሠራተኛ ጋ ነው። ማደያው ላይ ቀይ ባልዲ ከነአሸዋው ተደርድሯል፤ አሸዋው ላይ የሲጋራ ቁራጭ ተተክሏል። መኪና ውስጥ ያለው ደግሞ ቦሎ የሚለጠፍበትን ቀን የሚያውቅ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ከጓደኛ ተውሶ፣ ወይም ከምርመራው በር ላይ በኪራይ ተወስዶ፣ ባለሙያው አይቶ ምልክት ካደረገ በኋላ ይመለሳል። አንዲት እሳት ማጥፊያ በአንድ ቀን ስንት ሚኒባስ «ስታድን» ትውላለች!

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምን። ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ፣ የድንኳን መግዣው ጉዳይ ከመነሣቱ በፊት፣ ይህን አጀንዳ አስይዙ፦ ሃያ ባልዲ፣ አንድ ረዥም መሰላል፣ ሦስት ዲጂኖ፣ ጥቂት ወፍራም የቆዳ ጓንት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከብረት ድስቱ ጎን ይቀመጥ፤ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ጥሩንባው ለለቅሶና ለእሳት የተለያየ ድምፅ ይኑረው። ጣሪያ ላይ የሚወጡትን ልጆች በስም መዝግቡ፣ በዓመት አንዴ ከዱብሉቅ አንድ አባ ሄሬጋ ጋብዛችሁ ባልዲ ማቀባበል በሰልፍ ተለማመዱ። የአህያ ጋሪው ልጅ ውኃ ከደፋ ዕድሩ በማግስቱ ያለ ደረሰኝ ይክፈለው። ሁለቱ ጄኔራሎች መንገዱ ላይ ቆመው ዘጋቢዎቹን ያርቁ፤ ከዘራው ለዚያ ይጠቅማል። ድንኳኑ ሌላ ወር ይቆያል። እንዳትቀሩ፤ ለቀረ ቅጣት አለው።